ወደ ቀኝ ክንፍ

ዊሊ ኦሪ በ1935 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳዋ ፍሬድሪክተን ከተማ ተወለደ። አሥራ ሦስት ልጆች ላፈራ ቤት የመጨረሻው ነበር። የአገሩ ክረምት ረጅም ነው። አባቱ ጓሮው ላይ ውሃ ሲያፈስ ውሃው አድሮ በረዶ ይሆናል፤ ልጁም በእግሩ መሮጥ በለመደበት ዕድሜ በበረዶ ላይ መንሸራተትን ለመደ። ሲያድግ ምን መሆን እንደሚፈልግ የጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ የሆኪ ተጫዋች።

ጨዋታውን ላላየ ሰው ጥቂት ልበል፤ የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና። በበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን በረኛውን ሳይጨምር አምስት ተጫዋች ያሰልፋል። ከፊት ሦስት አጥቂዎች አሉ፤ አንዱ መሐል፣ አንዱ ግራ ክንፍ፣ አንዱ ቀኝ ክንፍ። በዱላ የሚመታው ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ክብደቱ 170 ግራም ያህል ነው፣ ብርዱ ደግሞ ያጠጥረዋል። በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ፊታቸውን የሚሸፍን ነገር አያደርጉም፤ የራስ ቁር የሚያደርግም ከስንት አንድ ነበር። ሜዳው ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። የግራ ክንፍ ተጫዋች ወደ ተጋጣሚው ጎል ሲገሰግስ በግራው ያለው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ጓደኞቹም፣ የሚያሳድዱትም፣ ፓኩም፣ ጎሉም ያሉት በቀኙ ነው።

ኦሪ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር።

በ1955-56 የውድድር ዘመን ኪችነር ካናክስ ለተባለ የወጣቶች ቡድን ሲጫወት ጎሉ ፊት ቆሞ ሳለ ከሩቅ የተመታ ፓክ አቅጣጫውን ቀይሮ ፊቱ ላይ አረፈ። አፍንጫው ተሰበረ፣ የጉንጩ አጥንት ተሰበረ፣ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሆኪ እንደማይጫወት ነገረው። ልጁ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። የዋናው ሊግ ደንብ አንድ ዓይኑ የጠፋ ተጫዋችን አያሳልፍም፤ ስለዚህ እንደማያይ ከተናገረ ነገሩ በዚያው ያከትማል። ምስጢሩን ለእህቱ ነገራት፣ ለማንም እንዳትናገር አደራ አላት፣ ጫማውን አስሮም ወደ በረዶው ተመለሰ። በ1956 ኩቤክ ኤስስ የተባለው የታችኛው ሊግ ቡድን አስፈረመው። ሥራውን እዚያ ሲጀምር በግራው ጤነኛ ዓይኑ የሚያየው ግድግዳውን ነበር። ፓክ ሲላክለት አንገቱን በትከሻው ላይ ሙሉ ለሙሉ ወደ ቀኝ አዙሮ በግራ ዓይኑ መፈለግ አለበት። በዚያች ቅጽበት ከፊቱ የሚመጣውን አያይም። ሁለት ሰው በሙሉ ፍጥነት በሚጋጭበት ሜዳ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያቅትም።

ዋናው ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ በዚያን ጊዜ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። ከካናዳም ከአሜሪካም ለተውጣጣው የሆኪ ሠራዊት ያለው ቦታ ከመቶ ሃያ ብዙም አይበልጥም። የተቀረው ሁሉ ከታች ሆኖ ይጠብቃል። ጥር 18 ቀን 1958 ቦስተን ብሩይንስ ኦሪን ለሞንትሪያሉ ጨዋታ ጠራው፤ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ተመለሰ። በ1960-61 ደግሞ 43 ጨዋታ ተሰለፈ። 4 ጎል አገባ፣ 10 አቀበለ። ከተመልካቹ ስድብ ይወርድበታል፤ ቺካጎ ላይ አንድ ተጋጣሚ በዱላው ጫፍ አፉን መትቶ ጥርሱን አረገፈው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ቦስተን ለሞንትሪያል አሳለፈው፣ ሞንትሪያልም ወደ ታች አወረደው። ከዚያ ወዲያ ከላይ የጠራው የለም። በ1967 ሊጉ ወደ አሥራ ሁለት ቡድን ሲያድግም አልተጠራም።

ዓለም የሚያስታውሰው እነዚያን 45 ጨዋታዎች ነው። ኑሮው ግን ከታች ነበር፤ ከሎስ አንጀለስ ብሌድስ፣ ብሌድስ በ1967 ሲፈርስ ከሳንዲዬጎ ቡድን ጋር። የታችኛው ሊግ ተጫዋች ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አይፈታም። በበጋ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ቡድኑ ሊሸጠው፣ ሊጉም ሊዘጋበት ይችላል፤ በጋዜጣ ስሙ የሚወጣው በትንሹ ጽሑፍ ነው። እኔ ይህን ኑሮ ሽንፈት የሚሉትን አልቀበልም። በየሳምንቱ ትኬት ቆርጦ የሚመጣ ሰው ፊት በሚገባ የተሠራ ሥራ፣ ሥራ ነው።

የሎስ አንጀለሱ አሠልጣኝ አልፍ ፓይክ አንድ ችግር ነበረበት፤ የግራ ክንፍ ተጫዋቾች በዝተውበታል። ኦሪን ቀኝ ክንፍ ላይ ቢያሰልፈው ምን እንደሚል ጠየቀው። ኦሪ አመነታ። ዱላውን የሚይዘው እንደ ግራ መቺ ስለሆነ፣ በቀኝ በኩል የሚመጣለትን ፓክ በዱላው ጀርባ መቀበል ሊኖርበት ነው። ግን እሺ አለ። ፓይክ ስለ ዓይኑ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሰልፍ ክፍተት መሙላቱ ነበር።

ኦሪ ወደ ቀኝ ክንፍ ተሻገረ። ግድግዳው ወደታወረው ጎን ሄደ፤ ሜዳው በሙሉ ወደሚያየው ጎን መጣ።

አንገቱን መጠምዘዝ ቀረ። ፓኩ ከጓደኛው ዱላ ላይ ሲነሳ ጀምሮ ያየዋል፤ የሚገጨው ሰው ሲመጣም ያየዋል። በ1964-65 የውድድር ዘመን 38 ጎል አገባ፤ በዚያው የታችኛው ሊግ በግራ ክንፍ ከተጫወተባቸው ዓመታት በየትኛውም ይህን ያህል አግብቶ አያውቅም። ሠላሳና ከዚያ በላይ ጎል ያገባው በአራት የውድድር ዘመናት ነው፤ በ1968-69፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ 38ቱን ደገመው። በሙያው የቆየው እስከ 1979 ነው፤ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዓይኑ አልተመለሰም፣ ከደረሰበትም ዕድሜ አንዲት ቀን አልቀነሰችም። የተለወጠው የቆመበት ጎን ነው።

በ2018 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። ቦስተን በ2022፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ባደረገበት በዚያው በጥር 18፣ 22 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ ሰቀለለት።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የጽናት ምሳሌ ያደርጉታል። ጽናቱ የሚካድ አይደለም። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው ስለ ፓይክ ጥያቄ ነው። ኦሪ ከፓይክ በፊት በብዙ አሠልጣኝ እጅ አልፏል። ሁሉም የሚመዝኑት በሚያገባው ጎል፣ በሚያመልጠው ፓክ ነበር። የት ቢቆም እንደሚሻለው ለመጠየቅ ምክንያት አልነበራቸውም፤ እሱም ሊነግራቸው አይችልም፤ የተናገረ ቀን ይባረራል። ደንቡ በክፋት የወጣ አልነበረም፤ የቀረችውን አንድ ዓይን ለማዳን ነው። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ኦሪ መጫወቱን አልተወም፤ የተወው መናገሩን ነው። አደጋው እንዳለ ቀጠለ፤ የጠፋው አደጋውን የሚያቃልልለት ሰው ነው። መፍትሔው ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ከሜዳው አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው የሚያሻግር ነበር። ቢያውቁለት ኖሮ በወጣትነቱ፣ ቦስተን ሳለ፣ ያንን ጎን ሊያገኘው ይችል ነበር። ይህን ሳስብ እቆጫለሁ።

እንዲህ ያለ ዝምታ እኛም ዘንድ አለ። በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሠራተኛ እንዴት እንደሚኖር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ኪኒኑን ከሥራ ባልደረቦቹ ተደብቆ ይውጣል። የተናገረ እንደሆነ ማንኪያና ብርጭቆው ይለያል፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ያጣል፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ስላለም ከሌላው እኩል የሌሊት ፈረቃ ይመደባል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያንን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። አንድ ቀን ማሽን አጠገብ ይወድቃል፤ አለቃውም ይህ ሰው ለሥራ እንደማይሆን ያን ዕለት አወቅሁ ይላል። መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ፣ ሌሊት ተኝቶ፣ ቀን ከማሽኑ ርቆ ቢሠራ ግን ከማንም ያላነሰ ሠራተኛ ሊሆን ይችል ነበር።

ፈረቃ የምትመድቡ፣ ተማሪ በወንበር የምትደለድሉ፣ ሰው በሥራ የምታሰማሩ፤ እባካችሁ የሰውን ድካም ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁት። ለብቻው ጠይቁት፣ ሌላው በማይሰማበት። ምክንያቱን እንዲዘረዝር አታስገድዱት፤ ቀን ይሻለኛል ካለ ቀን መድቡት፣ ከፊት መቀመጥ እፈልጋለሁ ካለች አስቀምጧት። የነገራችሁን ነገር ደግሞ ከሥራ ማሰናበቻ ማስረጃ አታድርጉበት። አንድ ሰው ተናግሮ ከተባረረ ከጎኑ ያሉት ሌሎች አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በዚያው ቀን አፋቸውን ይዘጋሉ፤ እናንተም ማን የትኛው ጎን እንደማይታየው የምታውቁበት መንገድ አይኖራችሁም።