በርካሽ ስለሚገዛ ቤት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሦስት ነገሮች፣ ከምግብ፣ ከልብስና ከቤት ሊለይ አይችልም። ምግብ በየቀኑ ይፈለጋል፤ ልብስም ሲያረጅ ይለወጣል፤ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚገዛ ወይም የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ የሚደረገው ምክር ከሌላው ሁሉ የጠለቀ ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ርካሽ መሆኑን ከሰማም ደስ ይለዋል እንጂ «የጐደለውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ አይመረምርም። ሊመረመር የሚገባው ግን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አገር ፎገራ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጐዳና፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ በሚለይበት አጠገብ የተቈረቈረች ከተማ ናት። መንገድ ሲገናኝ ገበያ ይቆማል፤ ገበያ ሲቆም ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲበዛ የቦታ ዋጋ ይወደዳል። በመካከለኛው ከተማ ቤት መግዛት ያቃተው መምህር፣ ጸሓፊ ወይም ትንሽ ነጋዴ ዐይኑን ወደ ከተማው ዳር ያነሣል። በዚያም የሚጠብቀው ባዶ መሬት አይደለም፤ የሚዘራ ማሳ ነው እንጂ።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ዐፈር እየጠረጉ ያለበሱት ጥቁር መሬት ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ቀድሞ ይህ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ በስሙ ለሚጠራው ለፎገራ ከብት መሰማሪያ ነበረ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ እንዲዘራበት ካሳዩ ወዲህ ግን፣ ለጤፍ የማይመቸው የተኛ ውሃ ለሩዝ በረከት ሆነ። ሩዙ ከታጨደ በኋላም መሬቱ ባስቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይበቅልበታል። እንግዲህ በከተማው ዳር አንድ ቃዳ፣ ይኸውም የሄክታር ሩብ፣ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን ለመተላለፊያ ከሚቀረው በቀር 200 ካሬ ሜትር የሆኑ ዐሥር ያህል ቦታዎች ይወጡታል። ዐሥር ሰዎች ቤት አገኙ ማለት ነው፤ አንድ ቤተ ሰብ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያጭድበትን እርሻ አጣ ማለት ነው።

«ገበሬው በፈቃዱ ሸጠ፤ ታዲያ በደሉ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ይህን ለመመለስ የመሬትን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. አስቀድሞ በቤጌምድር የገበሬ መሬት ርስት ነበረ፤ ይኸውም ከአቅኚው አባት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የዘር ድርሻ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ ሀብት ስላልነበረ፣ ባለርስቱ ለባዕድ ልሽጠው ቢል ዘመዱ ይከለክለው ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣውም የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ፤ ገበሬው በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤትና የተከለውን ተክል ግን የራሱ ሀብት አደረገለት። በአማራ ክልልም የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል። ስለዚህ በቀድሞው ሥርዓት ዘመድ፣ በአሁኑም ሕግ፣ ሚስትና ልጆች ከመሬቱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ተነሥቶ በደላላ ፊት የሚሸጠው ነገር የእርሱ ብቻ አይደለም።

መሬት እንዳይሸጥ ስለ ተከለከለም ውሉ ሌላ ልብስ ይለብሳል። አንዳንዱ «ጎጆውን ሸጥሁ» ይላል፤ ሌላው «ለወዳጄ በስጦታ ሰጠሁ» ይላል፤ ሌላውም ያልተበደረውን ገንዘብ ተበድሬአለሁ ብሎ ይፈርማል። ውሉ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ጎጆ ነው፣ ወርቁ መሬት ነው። ነገር ግን በቅኔ ወርቁ የሚሰወረው አድማጩ ደክሞ ሲያገኘው እንዲደሰት ነው፤ በዚህ ውል ግን ወርቁ የሚሰወረው ዳኛ እንዳያገኘው ነው። ኋላ ጠብ በተነሣ ጊዜ የሚፈረደው በተጻፈው ስለ ሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን የከፈለበትን ነገር ስም ጠርቶ ለመከራከር አፍ ያጣል።

የቀደሙት ሰዎች ግን ሽያጭን በአደባባይ ያደርጉት ነበር። በ18ኛው ምእት ዓመት በጎንደር ከተማ የቤትና የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ይጻፍ ነበር፤ የሻጩም የገዢውም የምስክሮቹም ስም ይመዘገብ ነበር። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ አብርሃም ለሣራ መቃብር ቦታ በፈለገ ጊዜ፣ ባለ ምድሩ በስጦታ ውሰደው ቢለው አልተቀበለም፤ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። አብርሃም ስጦታ የተባለውን በሙሉ ዋጋ ገዛ፤ የዛሬው ሰው ደግሞ የገዛውን ስጦታ ያሰኘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሕግ ብቻ አይደለም፤ የሕሊናም ነው።

ይሁን እንጂ ፍርድ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይሰጥም። ገበሬው ለምን ይሸጣል? ከተማው ወደ እርሱ ሲገሠግሥ ስላየ ነው። መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም በወሰደ ጊዜ የሚከፈለው ካሣ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመቱ አማካይ የዓመት ገቢ ዐሥር እጥፍ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው የበለጠው የዓመት ገቢ ዐሥራ አምስት እጥፍ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ስሌት የሚመዝነው የእህሉን ዋጋ እንጂ የቤት ቦታውን ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ገበሬው «ነገ በእህል ዋጋ ከሚወሰድብኝ ዛሬ በቤት ቦታ ዋጋ ልሽጠው» ይላል። የፈቃዱ ግማሽ ፍርሃት ነው። በፍርሃት የተሸጠ ነገር ደግሞ በርካሽ ይሸጣል።

ገዢውም እንደ ቀማኛ አይቈጠርም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ ለመኖሪያም ዘመኑ 99 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። በጨረታ ግን የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው፤ ምደባውም ተራ ይጠበቅበታል። በኪራይ ቤት ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው የቤት ኪራይ በጨመረ ቍጥር ይሳቀቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ግድግዳ ያቆማል፤ ሕዝቡም «የጨረቃ ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ እንኳ ሰላም አያገኝም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በለገጣፎ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ሲፈርሱ፣ ለቦታቸው ገንዘብ ከፍለው ዓመታት የኖሩባቸው ቤተ ሰቦች ሜዳ ላይ ቀሩ። ርካሹ ቤት ከሁሉ ይልቅ ውድ ሆነባቸው።

ሦስተኛው ዋጋ ከፋይ መሬቱ ራሱና ጎረቤት ነው። የፎገራ ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በጥድፊያ የቆመ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉን የሚያስታውሱ አሉ። ቅጥሩን በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ ያደረገ ሰው ከውሃው ይድናል፤ ነገር ግን ውሃው አይጠፋም፤ መሄጃው ስለ ተዘጋበት ቅጥሩን መሙላት ወዳልቻለው ድኻ ቤት ይዞራል። የአንዱ ደረቅ ደጃፍ የሌላው እርጥብ መኝታ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ርካሽነት በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ድኻም ቤት መሻቱ ነውር አይደለም። በደል የሚሆነው ዋጋው ጠፍቶ ሳይሆን ተሰውሮ ሲቀር፣ ይኸውም ገዢው ያልከፈለውን በውሉ ውስጥ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች ሲከፍሉት ነው። የገበሬው ሚስት ከፋይ ናት፣ ስሟ ግን በውሉ የለም፤ ነገ እርሻ የሚጠይቀው ልጅ ከፋይ ነው፣ እርሱም የለም፤ ውሃ የሚዞርበት ጎረቤትም የለም። የፍትሕ መለኪያው ዋጋው ማነሱ ወይም መብዛቱ አይደለም፤ ከፋዮቹ ሁሉ በፊት ለፊት መገኘታቸው ነው። ይህን ውል በሁሉም ፊት ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያፍር ሰው መልሱን ከራሱ አግኝቷል።

«ሁሉም ያደርገዋል» ማለትም ምክንያት አይሆንም። ብዙዎች ስለ ተሻገሩበት ጐርፉ ጥልቀቱ አይቀንስም። «ታዲያ ድኻው ምን ያድርግ?» ለሚለው ግን መልስ መንፈግ ጭካኔ ነው። ሕጋዊ ካርታ ያለውን ጠባብ ቤት ከሰፊ የጨረቃ ቤት ይምረጥ፤ ገንዘብ ከመቍጠሩ በፊት ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ሄዶ ይጠይቅ፤ አቅሙ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ከመሰሎቹ ጋር ተባብሮ በቤት ሥራ ማኅበር ይደራጅ፤ ሲሠራም የውሃውን መሄጃ አይዝጋ። ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ የኪራይ ዘመኑንም ያስረዝማል። ነገር ግን በመጨረሻው የሚገኘው ቤት በር ሲንኳኳ የማያስደነግጥ ቤት ነው።

ትልቁ ዕዳ ግን በአስተዳዳሪዎች ላይ ነው። ሕግ መሬት እንዳይሸጥ የከለከለው ገበሬው እንዳይነቀል ነው፤ ክልከላው ብቻ ቀርቶ የድኻው ቤት ቦታ በጊዜው ካልተዘጋጀና የገበሬው ካሣ የነገ ኑሮውን ካልሸፈነ ግን፣ ሕጉ ሁለቱን ድኾች በጨለማ አገናኝቶ ደላላውን ብቻ ያበለጽጋል። ሩዝ የሚያበቅለው እርጥብ ሜዳ ለሩዝ ተትቶ ከተማው ከፍ ወዳለው መሬት እንዲሰፋ ማድረግም የእነርሱ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ገረጋንቲ የፈሰሰበት ማሳ ዳግመኛ አይዘራምና። ገዢው ለቦታው የከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ማሳው ያጣው አዝመራ ግን በየዓመቱ ይቈጠራል።