ቅሬታችሁን ለራሱ ንገሩት

ልጆቼ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ቅርጫታችሁን አውርዳችሁ ጥላ ሥር አረፍ ስትሉ የምታወሩትን እሰማለሁ። "እጸልያለሁ፣ ግን የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ፣ ልቤ ግን የለም። እግዚአብሔር ትቶኛል" ትላላችሁ። ይህን ካላችሁ በኋላ ትልቅ ሰው መኖሩን ስታዩ አንገታችሁን ትደፋላችሁ። አትድፉ፤ የሚያሳፍር ነገር አልተናገራችሁም።

ቅሬታው ከየት እንደመጣም አይጠፋኝም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ሦስት ሰው ገደማ ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። ስንቱ ልጅ ጾሞ፣ ስንቷ እናት ተስላ ነበር! ሌላው የወላጅ ሞት አለበት፣ ሌላው ሥራ ማጣት። ምንም ሳይደርስበት እንዲሁ ልቡ የደረቀበትም አለ።

የምነግራችሁ የመጀመሪያውና ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቅሬታችሁን ስለ እግዚአብሔር ለሰው ከማውራት ለራሱ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ኢዮብን አስቡ። ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ብዙ ያማረ ነገር ተናገሩ። ኢዮብ ግን ፊት ለፊት ሞገተው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ቅን ነገር ተናገረ ያለው ኢዮብን ነው።

አባቶቻችን ይህን አውቀው ሥርዓት ሠርተውለታል። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ያደርሳል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110። የሰኞው 12ኛ መዝሙር "እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" በሚል ሙግት ይጀምራል። የሐሙሱ 87ኛ፣ ፕሮቴስታንቶች 88ኛ የምትሉት፣ ከዳር እስከ ዳር ልቅሶ ነው፤ ማጽናኛ እንኳ ሳይኖረው ጨለማ ላይ ያበቃል። ቢሆንም ጩኸቱ ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ነው። እንግዲህ ደስ ያለውም የከፋውም በየሳምንቱ ይህን ሙግት በአፉ እንዲያሳልፍ ተደርጓል። ጌታችንም በስቅለት ዕለት በ9 ሰዓት የጮኸው የሰኞውን 21ኛ መዝሙር መጀመሪያ ነው። እርሱ ያለውን እናንተ ብትሉ እምነት አጎደላችሁ የሚላችሁ ማን ነው?

ሁለተኛ፣ ስሜትን እንደ እምነት አትቁጠሩት። እዚህ በጅማ፣ ሸቤ ያደገ ሰው ይህን ከቡናው ያውቃል። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ያብብና መንደሩን ያውደዋል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ይረግፋል። ከዚያ እስከ ለቀማው ስምንት ወር ገደማ ነው፣ ያውም ዓይን የማይስብ አረንጓዴ ፍሬ ብቻ እየታየ። አበባው ረገፈ ብሎ ቡናውን የሚነቅል ገበሬ አላየሁም።

ስለዚህ ሰዓታችሁን አትልቀቁ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን አዛን ሲሰማ ዛሬ ልቤ ተነሣሥቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ውዱውን አድርጎ ይሰግዳል። ለእኛም ኪዳን አለ፣ ቅዳሴ አለ፤ ለሌሎቻችሁም የእሑድ አምልኮና የጸሎት ኅብረት አለ። መጸለይ ሲያቅታችሁ ከሚጸልዩት መሐል ቁሙ። በዚያን ቀን እነሱ ስለ እናንተ ይጸልዩላችኋል።

ሦስተኛ፣ ሥጋችሁን ጠይቁት። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ የመጣለት እንጎቻና ውሃ ይዞ ነው። በላ፣ ተኛ፤ እንደገና ተቀስቅሶ በላ። ስብከት አልቀደመም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጫት አለ። ሲመረቅኑ አድረው፣ ጠዋት ምርቃናው ሲለቅ የሚመጣውን ባዶነት እግዚአብሔር ራቀኝ የሚሉ ልጆች አሉ። ምርቃናውን ተዉና እንቅልፋችሁን መልሱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሏችሁ ሳምንታት ካለፉ፣ መኖር ካስጠላችሁ ግን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመጋቢያችሁ ነግራችሁ ጅማ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። ጸበሉም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ነው።

መልስ ባይሰሙም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ እጅ ተገደሉ። የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ባላቸው የት እንደደረሱ ሳያውቁ ራሳቸውም በ1972 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ዐሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ። የቄሱ አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከሰማይም ከምድርም "ባልሽ እዚህ ነው" ያላቸው የለም። ወይዘሮ ፀሐይ ግን አምላካቸውን ይዘው ገቡ፣ ይዘውት ወጡ።

እማሆይ ቴሬዛን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ መነኮሳይቶቻቸው እስከ ዛሬ ሕሙማንን ያስታምማሉ። ከሞቱ ከ10 ዓመት በኋላ ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ፣ ለአሥርት ዓመታት እግዚአብሔር የለም የሚያሰኝ ጨለማ በልባቸው እንደነበረ ታወቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የታመመ ማጠባቸውን አላቋረጡም። እናንተም ልባችሁ ሲደርቅ እጃችሁን አታሳርፉ። አልጋ የያዘች አሮጊት ጎረቤት ካለች ውሃ ቅዱላት፤ ቡናዋን ከፀሐይ አንሡላት። ክርስቶስ የተራበውንና የታመመውን "እኔ ነኝ" ብሏልና፣ በጸሎት ያጣችሁት ቢመስላችሁ እዚያ አድራሻው አይጠፋም።

መልሱ መቼ እንደሚመጣ አልነግራችሁም፤ አላውቀውምና። ዛሬ ማታ ግን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በለመዳችሁት ቋንቋ፣ የከፋችሁን ሁሉ ሳታሳምሩ ንገሩት። እሑድም ከቦታችሁ አትጉደሉ።

ከያዛችሁት አይለያችሁ። ደጃፉን ከመርገጥ አያሰልቻችሁ። የለመናችሁትን፣ ካልሆነም የሚሻላችሁን ይስጣችሁ። አሜን በሉ፤ ባይሰማችሁም በሉ።