ዛፉ ቆሞ ያመሰግናል፤ በገናስ?

ዳዊት የሚደግም የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ምእመን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሲደርስ ሁለት ትእዛዝ ተከታትሎ ያነባል። በ148ኛው መዝሙር ተራራው፣ ኮረብታው፣ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍና ዝግባው ሁሉ ፈጣሪያቸውን እንዲያመሰግኑ ይታዘዛሉ። ሁለት መዝሙር አልፎ በ150ኛው ትእዛዙ ወደ ከበሮና ወደ አውታር ይዞራል። በሁለቱ መካከል ያልተተረከ አንድ ሥራ አለ፤ እሱም የመጥረቢያው ነው። ዛፉ በቆመበት እያመሰገነ ከነበረ፣ ቆርጦና ቦርቡሮ፣ ቆዳም አልብሶ እንደገና እንዲያመሰግን ማድረግ በማን ፈቃድ ነው?

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት በ150 አያበቃም። በ151ኛው መዝሙር ዳዊት ስለ ልጅነቱ ሲናገር፣ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደነበርና የዜማ መሣሪያውን የገዛ እጆቹ እንደ ሠሩት ይናገራል። ንጉሡ ከመንገሡ በፊት እንጨት ጠርቧል፣ አውታር ወጥሯል። ጠይብን፣ ሸክላ ሠሪንና ሸማኔን ለዘመናት ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ ይህን መዝሙር እየደገመ እንዴት እንዳለፈው ያስገርማል። ለጥያቄው መልስ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፤ የሠሪ እጅ በራሱ ኃጢአት የለበትም።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በታረሰ ማሳ መሐል ዋንዛ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ገበሬው በሬዎቹን በዙሪያው እያዞረ ያርሳል እንጂ አይቆርጠውም። ጥላ ይሰጣል፣ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። ውስጡ ቡናማ ነው፤ ለመጥረብ ይታዘዛል፣ በቀላሉ አይጣመምም፤ ስለዚህ በርም፣ ሙቀጫም፣ ከበሮም ይሆናል። በገናም ይሆናል። ገበታው ተቦርቡሮ የበሬ ቆዳ ይለብሳል፣ ሁለቱ ምሰሶዎች ይተከላሉ፣ ቀንበሩ ከላይ ይጋደማል፣ ከበግ አንጀት የተፈተሉ 10 አውታሮች ይወጠራሉ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ እንዚራ ይባላል፤ በዐቢይ ጾም ሌሊት ሆድ የሚያባባውን ያን ነዛሪ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። አባቶች ሲተረጉሙ ምሰሶዎቹን በሚካኤልና በገብርኤል፣ ገበታውን በእመቤታችን፣ አውታሮቹን በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። በዚህ ትርጓሜ ክብር ያገኘው አገልግሎቱ ነው። እንጨቱ ብርቅ መሆኑ፣ መስመሩ ማማሩ አልተቆጠረም።

በሌላው ዓለም ነገሩ ተገልብጧል። በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዢ መጀመሪያ የሚመርጠው እንጨቱን ነው፤ እንደ ነበልባል የሚጥመለመል ሜፕል፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ዞጲ፣ ከብራዚል ወይም ከማዳጋስካር የመጣ ሮዝውድ። ብዙ ጊዜ ያ ውብ እንጨት በሌላ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ ገጽ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት ደግሞ የሚያነበው የብረቱን ክር ንዝረት ነው፤ የበገናን የአንጀት አውታር ፈጽሞ አይሰማውም። ኤሌክትሪክ የማይነካቸው ጊታሮችም ተፈትነዋል። የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያይ 6 ጊታሮች ለ52 ተጫዋቾች ተሰጡ፤ ተጫዋቾቹ በደብዛዛ ብርሃን የብየዳ መነጽር አድርገው ደረደሩ። ውዱን ከርካሹ የሚለይ ይህ ነው የሚባል የድምፅ ብልጫ አልተገኘም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ውበት ለዓይን ነው። ለዓይን መሆኑ አያስነቅፈውም፤ እግዚአብሔር የእንጨቱን ውስጥ እንዲያ አድርጎ የሣለው በከንቱ ነው የሚል አማኝ የለም። የሚያስጨንቀው የሚከፈልለት ዋጋ ነው። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ከማዳጋስካርና ከሕንድ በመጣ እንጨት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2011 በመንግሥት መርማሪዎች ተፈትሾ፣ በ2012 300,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የካሜሩኑ ታሪክ ነው። ቴይለር የተባለው ጊታር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ከስፔን ሸሪኩ ጋር በካሜሩን የዞጲ መሰንጠቂያ ሲገዛ፣ ፍጹም ጥቁር ሆኖ የሚገኘው ከ10 ዛፍ አንዱ ብቻ መሆኑን ተረዳ። ዛፉ ካልተቆረጠ ውስጡ አይታወቅም። ገበያው ጥቁሩን ብቻ ስለሚፈልግ፣ ነጣ ያለ መስመር ያለባቸው ዘጠኙ ከወደቁበት ሳይነሡ ይበሰብሱ ነበር። ኩባንያው መስመር ያለበትንም ተቀብሎ ጊታር ሊሠራበት ወሰነ። የጫካው ዞጲ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ምርጫ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኙ ዛፎች የሚወድቁበት ምክንያት ተገኘላቸው።

የንግሥተ ሳባን ጉዞ የሚተርከው አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10ም ይህንኑ ነገር ይነካል። በንግሥቲቱ ስጦታና በስንብቷ መካከል ጸሐፊው ወሬውን ገታ አድርጎ ስለ እንጨት ያወራል፤ የኪራም መርከቦች ከኦፊር ብርቅ እንጨት አመጡ፣ ሰሎሞንም ከእርሱ ለቤተ እግዚአብሔር፣ ለቤተ መንግሥቱና ለመዘምራኑ በገና አሠራ። ጸሐፊው ቀጥሎም እንዲህ ያለ እንጨት እስከ ራሱ ዘመን ድረስ ዳግመኛ እንዳልመጣና እንዳልታየ ይመሰክራል። ይህን ቃል የሰሎሞንን ክብር ለማጉላት የተጻፈ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። የማዳጋስካርን ደን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ኀዘንም ያነብበታል። ምስጋናው አንድ ጊዜ ተሰማ፤ እንጨቱ ግን ዳግመኛ አልታየም።

ዛፍ በማን ፈቃድ ይቆረጣል የሚለው ጥያቄ በጎጃም ቀድሞ በሥርዓት ተመልሶ ነበር። በየደብሩ ዙሪያ የቀረው የአገር በቀል ደን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ተብሎ ሲከበር ኖሯል፤ የደን ተመራማሪውና የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም እንዲህ ያሉ ደኖች ገበሬዎች ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ እንዲታጠሩ ብዙ ደክሟል። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅም ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እነዚህን የሚያከብር በገና ሠሪ የሚተርፈው በሰው ማሳ ላይ ያደገው ዋንዛ ነው፤ እሱም ባለቤት አለው፣ የተከለው ወይም ሳይቆርጥ የጠበቀው ሰው አለው። ዛፍን ለምስጋና መቁረጥ የሚገባው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ከየት እንደ መጣ ታውቆ፣ ለሚበቃው ያህል ብቻ ተቆርጦ፣ ሌላ ሲተካበት። ዘጠኝ ጥሎ አንድ በማንሣት የተሠራ መሣሪያ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የ148ኛውን መዝሙር ዝማሬ ቀንሶ ለ150ኛው ያዋለ ነው።

ዛሬ በገና ለመማር የሚመዘገቡ ወጣቶች በርክተዋል፤ በየከተማው የሚጠርቡላቸውም አሉ። የሚያዝዘው ሰው ስለ ቅኝቱና ስለ ቀለሙ ሲጠይቅ፣ እንጨቱ ከማን ማሳ እንደ ተቆረጠም ይጠይቅ። ክረምት ሲገባም የዋንዛ ችግኝ ይዞ ወደ አገሩ ይሂድ።