ተረቱ በር አለው፤ ወሬውስ?

"ተረት ተረት" የሚል ድምፅ ሲሰማ "የላም በረት" ብሎ የማይመልስ፣ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ያለ አይመስለኝም። መልሱ ትርጉም ይኑረው አይኑረው ተጨንቆ የሚመረምር የለም። ላሟም በረቷም በሚቀጥለው ተረት ውስጥ ጨርሶ ላይነሡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህች አጭር ጥሪና መልስ አንድ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ተራኪው "ከእንግዲህ የምናገረውን በምስክርነት እንዳትይዙብኝ" ማለቱ ነው፤ አድማጩም "ተስማምቻለሁ፤ ቀጥል" ማለቱ ነው። በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ጦጣ ብትናገር፣ አንበሳ ችሎት ቢቀመጥ "ይህ እንዴት ይሆናል?" ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ሲያበቃም "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይባልና በሩ ይዘጋል።

ስለ ተረትና ትረካ ጥቅም ብዙ ተብሏል። ልጅ ቋንቋ ይማርበታል፤ አዋቂ ይመከርበታል፤ የተጣላ ይታረቅበታል። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን 40 ዓመት ያህል ሲተርኩ እየሰማ፣ የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" በትምህርት ቤት እያነበበ ያደገ ሰው ለዚህ ማስረጃ አያሻውም። እኔም ይህን ለመድገም ብዕሬን አላነሣሁም። የሚያሳስበኝ በር የሌለው ትረካ ነው፤ "ተረት ተረት" ሳይባል የሚጀመረው፣ "ተረቴን መልሱ" ስለማይባልበትም ማብቂያ የሌለው። ለመሆኑ ስለ ሌላ ሰው ስንተርክ ምን ዕዳ አለብን?

ቋንቋችን ለትረካ የሰጠውን የስም ብዛት እንመልከት። ተረት አለ፣ ታሪክ አለ፣ አፈ ታሪክ አለ፣ ገድል አለ፣ ወግ አለ፣ ወሬ አለ፣ ሐሜት አለ። እያንዳንዱ ከእውነት ጋር ያለው ዝምድና የተለያየ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ወግ አዋቂ ግን ጨው ቢጨምርበት ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገረውን ቀልድ ሁሉ "በእርግጥ እሳቸው ተናግረውታል ወይ?" እያለ የሚመረምር ሰው ቢመጣ ጨዋታ አበላሽ ይባላል። የ19ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ዛሬ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ ማደሪያ ሆነዋል፤ በዚህም የተጎዳ ሰው አላውቅም።

ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን "ወሬ ነጋሪ" የሚለው ነው። አንድ ጦር ፈጽሞ ማለቁን ለመግለጽ አማርኛ "ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም" ይላል። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ጥፋት ሙሉ የሚሆነው ሰው ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን የሆነውን የሚናገር ሲጠፋ ነው። ከጦሩ ሁሉ የተረፈው አንድ ሰው ዋጋው በክንዱ አይደለም፤ በአንደበቱ ነው። ትረካን ከዚህ በላይ ያከበረ አባባል አላውቅም። ነገር ግን ይኸው "ወሬ" የሚለው ቃል "ወሬኛ" የሚለውንም ስድብ ወልዷል። ሁለቱን ከአንድ ማሕፀን ያወጣው ሕዝብ አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም፤ ሰውን ከመረሳት የሚያድነው አንደበትና ሰውን በቁሙ የሚቀብረው አንደበት አንድ ነው።

ወሬ የሚወለድበትን ቦታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ልጆች ትምህርት ይወራል። ቶናው ላይ ጎረቤት ይነሣል። በረካው ሲደርስ በቦታው የሌለ ሰው ተከሶ፣ ተመስክሮበት፣ ተፈርዶበት ያድራል። ይህን የምለው ቡናን ለመንቀፍ አይደለም። በዚያው ረከቦት ዙሪያ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ የቸገረው ይረዳል፤ ይህም የሚሆነው በወሬ ነው። የጎረቤትን ችግር የሚያወራ ከሌለ የሚደርስላት አይኖርም። ችግሩ በቦታው የሌለው ሰው "የለም፣ እንዲህ አልነበረም" የሚልበት ተራ ማጣቱ ነው። በጥንቱ የ"በላ ልበልሃ" ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነው ወገን ብልጫ ቢኖረውም፣ ባላጋራው ፊት ለፊቱ ቆሞ መልስ ይሰጥ ነበር። በቡናው ችሎት ግን ተከሳሹ መጥሪያ እንኳ አይደርሰውም።

እኔ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ይዛ ገበያ የምትወጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሌሎቹ ሻጮች ራቅ ብላ ከገበያው ዳር ትቀመጣለች። ዋጋ ተከራክረው ዕቃዋን የሚገዙት ሴቶች ሕፃን ያዘሉ እንደሆነ የልጁን ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ምሳዋን ስትበላ አብሯት የሚቆርስ አልነበረም። "ዓይኗ ክፉ ነው፤ ሌሊት ጅብ ትሆናለች" ይባል ነበር። ማን አየ? ማንም። ማን አለ? ሁሉም። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ወሬ በየቤቱ የሚወራው ቡና ላይ ነበር፤ ቡናው የሚፈላው በጀበና ነው፤ ጀበናውን የሠራችው ደግሞ እሷ ነች።

ይህ ትረካ የአንዲት ከተማ ወይም የአንድ ዘመን ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጌጥ ያለበት ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ በማስታወሻው አስፍሮታል። ጌጥ የአንጥረኛ ሥራ ነውና ጅቡም አንጥረኛው ራሱ መሆን አለበት ተባለ። የትረካውን ብልሃት ልብ ይሏል! ማስረጃውን ያወጣው ከዚያው ከሰውዬው ሙያ ነው። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ በጎንደር አካባቢ በእነዚሁ ሙያዎች ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሁሉ በዚህ ተረት ተገልለው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድብን ከለከለ፤ ተረቱን ግን ሊደርስበት አልቻለም። ተሳዳቢ ስም አለው፤ ተይዞ ሊቀጣ ይችላል። "ይባላል" ግን ስም የለውም።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶ "ሪፐብሊክ" በተባለው መጽሐፉ፣ ልጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚሰሙት ተረት መሆኑን፣ ተረትም በጠቅላላው ሐሰት ሆኖ ጥቂት እውነት እንዳለበት በሶቅራጥስ አንደበት ይነግረናል። ስለዚህ በሐሳቡ በሚገነባት ከተማ ውስጥ በተራኪዎች ላይ ቁጥጥር እንዲደረግ ይሻል። ሌሎቹን የሚቆጣጠረው ፈላስፋ ግን ወዲያው የራሱን ተረት ይፈጥራል። አምላክ ሰዎችን ሲያበጅ በገዥዎች ላይ ወርቅ፣ በወታደሮች ላይ ብር፣ በገበሬዎችና በእጅ ባለሙያዎች ላይ ብረትና ነሐስ ቀላቀለ የሚል ነው። ዜጎቹ ይህን ያምኑ ይሆን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ላያምኑ ይችላሉ፤ ልጆቻቸውና ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ግን ሊያምኑ ይችላሉ የሚል መልስ ይወጣል።

በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ይህች መልስ ታስፈራለች። የመጀመሪያው ትውልድ በሩ ሲከፈት አይቷል፤ የገባው ተረት ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ሦስተኛው ትውልድ ግን የተወለደው እዚያው ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን እንጂ በሩን አያውቅም። ፕላቶ ከብረት ወላጆች የወርቅ ልጅ ሊወለድ እንደሚችል፣ ሲወለድም ወደ ላይ ከፍ እንዲል ፈቅዷል። የእኛ አገሩ ተረት ለቀጥቃጭ ልጅ ይህችን ቀዳዳ እንኳ አልተወለትም።

በሩ የጠፋበት ትረካ እስከ ምን እንደሚደርስ ለማየት፣ የአገራችን ስም ያለበትን አንድ ምሳሌ ላንሣ። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስፒክ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያገኛቸው ገዥ ወገኖች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ወራሪዎች ዘር ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። የራሱ መላ ምት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሹማምንቱና ሚስዮናውያኑ ተቀባበሉት፤ መላ ምቱ የትምህርት ቤት ዕውቀት ሆነ። በ1992 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ሌዮን ሙጌሴራ የተባለ የሩዋንዳ ፖለቲከኛ በአደባባይ ቆሞ፣ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ እንደሆነና በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል በአቋራጭ ሊላኩ እንደሚገባ ተናገረ። በ1994 እ.ኤ.አ. 800,000 ያህል ሰው ሲታረድ፣ ሬሳው በእርግጥም በወንዝ እየተወሰደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። ሙጌሴራ በ2016 እ.ኤ.አ. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ስፒክ በ1864 እ.ኤ.አ. ሞቷልና የጻፋት ግምት የት እንደደረሰች አላየም። በመካከል ያሉት የ130 ዓመት ተቀባባዮችስ? እነሱን ለፍርድ የሚያቀርብ የለም፤ እያንዳንዳቸው ያደረጉት የሰሙትን ማቀበል ብቻ ነበርና።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣብኝ ይችላል። ዓድዋ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ተዋጋልን ብለው የሚተርኩ አባቶችን "መጀመሪያ ተረት ተረት በሉ" ልንላቸው ነው ወይ? ሟች ባሏን ከነበረው በላይ ደግ አድርጋ ለልጆቿ የምትተርክ እናትስ ሐሰተኛ ልትባል ነው? ገዥ በበረታበት ዘመንስ ድሃው እውነቱን ይናገር የነበረው በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ፣ በሩን ሆን ብሎ ደብቆ አልነበረምን?

ተቃውሞው ተገቢ ነው። በዚህም ምክንያት መለኪያዬ "እውነት ነው ወይስ ሐሰት?" የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። አብሮት "ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። የዓድዋን ነገር የሚተርኩት አባት ትረካውን መጀመሪያ የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው፤ እንደዚያ ካሉ ሰዎች የተወለደ ሰው እንዴት ሊኖር እንደሚገባው በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ። የእናትየው ትረካ ልጆቿን ደግ ሁኑ ብሎ ያስገድዳል፤ ማንንም ከማዕድ አያስነሣም። በሰምና ወርቅ የሚናገረው ድሃ ወርቁ ቢታወቅበት የሚታሰረው እሱው ነው። ሸክላ ሠሪዋን ጅብ የሚያደርጋት ተራኪ ግን ምንም አይከፍልም። ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይነሣል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ገበያ ዳር የተቀመጠችው ሴት ነች። የጀግንነት ትረካም ቢሆን ዕዳውን በሌላ ሕዝብ ላይ መጣል የጀመረ ዕለት ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ራሱ የሚሸከመውን የሚተርክልኝን ሰው በጸጥታ እሰማዋለሁ። ሌላው የሚሸከመውን የሚተርክልኝን ግን በሩን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።

ዛሬ የቡናው ችሎት በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ዱሮ አንድ ወሬ ተናጋሪው ተረስቶ "ይባላል" እስኪሆን ድረስ ትውልድ ይፈጅበት ነበር። አሁን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ከመቶ እጅ ወደ መቶ እጅ ተላልፎ ባለቤቱ ይጠፋል። ሽማግሌ ገብቶ ሊያጣራ፣ የተወራበት ሰው ቀርቦ ሊናገር ፋታ የለም። ስለዚህ በሩን የመጠበቁ ሥራ ከተራኪው ይልቅ በአድማጩ ላይ ወድቋል።

የተረት አባቶቻችን ይህንንም አስበውበታል መሰለኝ። "ተረቴን መልሱ" ማለት፣ ተረት የሰማ ሰው ብድር አለበት ማለት አይደለምን? በር ለሌለው ትረካም አድማጩ የሚመልሰው ነገር አለ። አንደኛው "ማን ነገረህ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይህ "ይባላል"ን ስም እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ሁለተኛው "እሷስ ምን ትላለች?" የሚለው ነው፤ ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ቡናው ላይ ዝምታ ያመጣል፤ ጠያቂውንም ጨዋታ አበላሽ ያሰኛል። ቢሆንም ይጠየቅ እላለሁ። ያች ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ከየትኛው ገደል እንደምታወጣ፣ ከአሥሩ ጀበና ስንቱ እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅባት፣ ነጠላ ሲሸፈንባት ምን እንደሚሰማት የምትናገረው ነበራት። በዚያች ከተማ ስለ እሷ የሚያወራ ሞልቶ፣ እሷን የጠየቀ ግን አልነበረም።

"ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም" የምንለው ስላለቀ ጦር ነው። በሕይወት እያለ፣ በመካከላችን እየሸጠና እየገዛ፣ የራሱን ወሬ የሚነግርበት ተራ ስለተነፈገው ሰውስ ምን እንላለን?