መጋበዝ ሲላላና ሲጠብቅ

በአማርኛችን «መጋበዝ» የምትለዋ ቃል ሁለት ናት። «ጋ» ላልታ ስትነበብ ሌላውን ወደ ቤት መጥራት ማለት ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ ተጠርቶ ወደ ሰው ቤት መሄድ ነው። በጽሑፍ ግን ልዩነታቸው አይታይም። ስለ ጉርብትና በሚነገረው ብዙ ንግግር ውስጥም ይኸው ልዩነት ሳይታይ ያልፋል። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ዘወትር ተጋባዥ ብቻ የሆነ ሰው ሙሉ ጎረቤት ነውን? ዘወትር ጋባዥ ብቻ የሆነስ?

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የሰፈር ኑሮ የተነሣ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችውን የዚህችን ከተማ ነዋሪ 62,497 ብሎ መዝግቧል። ከመቶው 97 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታይ ሲሆን፣ ሙስሊሙ ከመቶ ሁለት አይሞላም ነበር። እስቲ ይህን ቁጥር በጉርብትና ሒሳብ እናስላው። በአንድ መንደር ውስጥ ያለ ሙስሊም አባወራ በዓመት ስንት ሠርግ፣ ስንት የልጅ ምርቃት፣ ስንት ሐዘን ይጠራል? ዙሪያውን ክርስቲያን ጎረቤት ስለሆነ መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ፣ ረቡዕና ዓርብ ለምን ሥጋ እንደማይበላ፣ የትኛው ታቦት በየትኛው ቀን እንደሚነግሥ ሳይነገረው ያውቃል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ግን አንድም ቀን የሙስሊም ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሊያረጅ ይችላል። ኒካሕ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጀናዛ ለምን በዕለቱ እንደሚቀበር፣ በሶላት ውስጥ ምን እንደሚባል የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከቁጥር የመጣ ነው። ጥቂቱ ብዙውን ያውቃል፤ ብዙው ግን ጥቂቱን አያውቅም።

አንዳንዶች ለዚህ ርቀት ሥጋውን ምክንያት ያደርጋሉ። «አብረን በልተን ካልጠገብን ምን ጉርብትና ነው?» ይላሉ። እኔ ነገሩን እንዲህ አላየውም። በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አካባቢ የቆየውን ልማድ ልብ እንበል። ክርስቲያኑ ባለ ሠርግ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ያስረክባል። አራጁ ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዎቹ ሙስሊም እናቶች፣ ቢላዋውና ድስቱም ለብቻ ነው። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ታዲያ ይህ መለያየት ነውን? ለእኔ የመተዋወቅ ምልክት ነው። ለማያውቁት ሰው ማንም ንጹሕ ድስት ለይቶ አያስቀምጥም። ጎረቤቴ ሃይማኖቴን እንድተው ሳይጠይቀኝ፣ እኔም የእርሱን እንዲተው ሳልጠይቀው፣ በአንድ ዳስ ሥር ሁለት ማዕድ ዘርግተን አብረን እንስቃለን። እንግዲህ ያለው ችግር የሁለት ድስት መኖር አይደለም፤ ሁለቱ ድስቶች ሁልጊዜ በአንድ ወገን ግቢ ብቻ መጣዳቸው ነው።

ለዚህ ደግሞ የታሪክ ሥር አለው። ሙስሊሙ በዚህ ምድር እንግዳ ነው የሚል አነጋገር ስንሰማ ኖረናል። «እስላም አገሩ መካ፣ አሞራ ቤቱ ዋርካ» የተባለው ለዚህ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓባይን ተሻግረው ወደ እናርያ የሚወርዱ ሙስሊም ነጋድያን የታወቀ መገናኛ ነበር። ይሁን እንጂ በቀድሞው ሥርዓት በደጋው አገር የሚኖረው ሙስሊም በጥቅሉ ርስት አልነበረውምና በሸማ ሥራና በንግድ ይተዳደር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ፤ የሙስሊሙ በዓላትም በዚያው ጊዜ ገደማ የአገር በዓል ሆኑ። ርስት የሌለው ሰው እንዴት ጋባዥ ይሆናል? የራሱ ግቢ ያለው ብቻ ነው ዳስ የሚጥል።

እኛም ብንሆን የነጃሺን ውለታ ደጋግመን እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ታሪክ ስንተርክ ራሳችንን ዘወትር በተቀባዩ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ የለብንም። እንግድነት አሥራ አራት ክፍለ ዘመን አይቆይም። የቤት ልጅ የሆነ ሰው እንግዳ ይቀበላል።

ይህ ሁሉ የወግና የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ጁምዓ ነበር፣ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጠሉ። በኋላ ለመልሶ ግንባታ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጣ፤ ድርጊቱም ተወገዘ። «በሞጣም እኮ ሰዎች አብረው ቡና ይጠጡ ነበር» የሚል ቢኖር ልክ ነው። ቡና የተቆጣን መንጋ ያቆማል አልልም፤ አጥፊን መያዝና ሕግን ማስከበር የመንግሥት ሥራ ነው። የእኔ አባባል ከዚህ ያነሰ ነው። ወሬ የሚያድረው ባልታወቀ ቤት ነው። ስለማላውቀው ቤት የተነገረኝን ሁሉ ላምን እችላለሁ፤ ትናንት ልጄን እቅፍ አድርገው ስለሳሙባት፣ ምንጣፉንና ጓዳውን ስለማውቀው ቤት ግን ክፉ ሲነገረኝ ቢያንስ «ቆይ» እላለሁ። ያቺ «ቆይ» የምትባል ቃል ነፍስ ልታድን ትችላለች።

ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ የሚደረጉ ጉባኤዎች አሉ። ሼኩና ቄሱ በመድረክ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ፎቶ ይነሣል። አልነቅፈውም፤ የአባቶች መተቃቀፍ ለወጣቱ ትምህርት ነው። ግን ልብ እንበል፤ በአዳራሽ ውስጥ ሁላችንም የአዳራሹ እንግዶች ነን። ጋባዥ የለም፤ ተጋባዥም የለም። ወንበሩም የማንም አይደለም። ከዚያ ይልቅ የእድራችን ድንኳን ይበልጥ ያስተምራል። ዛሬ በእኔ ደጅ፣ ነገ በእርሱ ደጅ ይተከላልና። ሐዘን ላይ የቆመ ድንኳን ተራ ያውቃል፤ ደስታችንም ተራ ይወቅ ነው የምለው።

ዲናችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ኒሳእ ቁጥር 36 ላይ ለቅርብም ለሩቅም ጎረቤት በጎ እንድንሠራ ያዘናል፤ በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 13 ላይ ደግሞ ሰዎች ጎሳና ነገድ የሆኑት እንዲተዋወቁ መሆኑን ይነግረናል። መተዋወቅ ደግሞ ከሁለት ወገን ነው። ሶሐባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በቤቱ በግ በታረደ ጊዜ «ለአይሁዱ ጎረቤታችን ሰጥታችኋልን?» እያለ ደጋግሞ መጠየቁን፣ ምክንያቱንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማው የጎረቤት አደራ መሆኑን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንግዲህ ጎረቤቱ እስኪጠራው አልጠበቀም፤ ጀማሪው እርሱ ነበር።

ከእኛ ወገን «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ሥጋችንን አይበሉም፣ ምን አቀርባለሁ?» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ያነሰ ወገን ይበልጥ መድከሙ ፍትሐዊ አይደለም የሚልም አለ፤ እውነት አለው። ነገር ግን በር የሚከፈተው ከውስጥ ነው፤ ጎረቤት ከውጭ ሆኖ ሊከፍትልን አይችልም። የሥጋው ነገር ደግሞ መፍትሔ አያጣም። በ2016 ዓ.ም. ረመዷንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ አብረው ገቡ፤ በ2017 ዓ.ም.ም በጥቂት ቀናት ልዩነት ተከታተሉ። በእንዲህ ያለ ወቅት ቅቤና ሥጋ የሌለበት የኢፍጣር ማዕድ ቢዘረጋ፣ ተምር፣ የምስር ሳንቡሳና የአጃ ሾርባ ቢቀርብ፣ ያ ጾመኛ ጎረቤት ሳይሳቀቅ ይቀመጣል። ሁለት ጾመኞች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ለመቀመጥ ሁለት ድስት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ከጾም ውጭ ላለው ጊዜ ደግሞ ቡናና ቆሎ ይበቃል።

ከክርስቲያን ወገኖቻችንም የምንጠይቀው አለ። ለጋስነታችሁን እናውቃለን፤ ማዕዳችሁን ለዘመናት ለይታችሁ ዘርግታችሁልናል። አሁን ደግሞ ተጠርታችሁ ኑ። ብዙ ቁጥር ያለው ወገን ጥሪ መቀበሉ ከመስጠት የማያንስ ቸርነት ነው፤ ያን ጊዜ ጋባዡ በገዛ አገሩ ባለቤት መሆኑን በተግባር ይመሰክርለታልና። ከቤታችን ስትወጡ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ያላያችሁትንም ከወሬኛ አትቀበሉ።

በመሆኑም በመጪው ዒድ እያንዳንዱ ሙስሊም ቤተሰብ እስከ ዛሬ ደጃፉን ያልረገጠ አንድ ጎረቤት ይጥራ። ጥሪውን በልጁ ሳይልክ ራሱ ሄዶ ይንገር፤ እንደ አገራችን ወግም እስከ በሩ ወጥቶ ይቀበል። አላህ ጉርብትናችንን ይባርክልን።