የታደሰ ፔጆና የደንገጎ ቁልቁለት

አሮጌ መኪና አድሶ ረጅም መንገድ መውጣት የገንዘብና የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ አለበት ባይ ነኝ። ጥያቄውም ይኸ ነው፦ አንድን አሮጌ ነገር ስናድስ ታማኝነታችን ለማን ነው? ለጥንቱ ብረት? ለትዝታችን? ወይስ ውስጡ ለምናስቀምጠው ሰው?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ መኪና እንያዝ፤ ፔጆ 404 ስቴሽን ዋገን። 404 በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ወጣ፤ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ስቴሽን ዋገኑ ከቤት መኪናው ይረዝማል፤ ኋላውን በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ሞላዎች ይሸከሙታል፤ ለቤተሰብ የተሠራው ዓይነት ሦስት ረድፍ ወንበር አለው። ስለ 404 ጥንካሬ ምስክር ከተፈለገ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። የሐረርን ሰው ገበያና ቤት ሲያመላልስ የኖረውም ታክሲ 404 ነው።

እንግዲህ አንድ ወዳጃችን ስቴሽን ዋገኑን ከአባቱ ወረሰ እንበል። ላሜራው ተቃና፣ ቀለሙ ተቀባ፣ ወንበሩ እንደ ጥንቱ ተሰፋ። አሁን እናቱን፣ እኅቱንና ሁለት ሕፃናት ጭኖ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሻንጣ አሥሮ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሊወርድ ነው። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከአዋሽ ቆላ እስከ ቁልቢ ደጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ከደንገጎ ደግሞ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል።

ታዲያ ፍሬኑን ምን እናድርገው? የመጀመሪያዎቹ 404ዎች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ ከፊት ዲስክ የገባው ኋላ ነው። አንዳንዱ አዳሽ «ጥንት እንደነበረ ይቆይ፤ አንድ ብሎን ከተቀየረ መኪናው የአባቴ መሆኑ ይቀራል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሞተሩም ፍሬኑም በአዲስ ይተካ፤ ትዝታ መንገድ አያደርስም» ባይ ነው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የፊተኛው አሮጌ ነገር እንዳሻን የምንቆራርጠው ጨርቅ አለመሆኑን ያውቃል። የኋለኛው መኪና ሐውልት አለመሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ብረት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ስለተቀመጡት ማን ተናገረ?

የቁልቁለቱን ነገር እናስብ። የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን እየፈተገ የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ካልያዘው፣ ቁልቁለቱም ከረዘመ፣ ሙቀቱ ይከማቻል፤ የሸራው የመያዝ ኃይል ይላላል። እግር ይረግጣል፣ መኪናው እሺ አይልም። የፍሬኑ የጎማ ቱቦም መኪናው ጋራዥ ቆሞ ቢውል እንኳ በዕድሜ ብቻ ይሰነጠቃል። ቀለሙ እንደ መስታወት እያበራ ቱቦው ያው የድሮው ከሆነ መታደስ አንለውም። ውስጡን ለቄስ ይሉታል እንጂ!

«መኪናው የራሴ፣ ነፍሴም የራሴ» የሚል ይኖር ይሆናል። ብቻውን ቢሄድ እንኳ በመንገዱ ዳር አህያ የሚነዳ ገበሬ አለ። ሕፃናቱ ደግሞ ስለ ታምቡርና ስለ ዲስክ አያውቁም፤ ያላወቀ ሰው ተስማማ አይባልም። እናቱ ብታምነው መኪናውን አይደለም ያመነችው፣ እሱን ነው።

ስለዚህ የእኔ መልስ የሚከተለው ነው። ቅርጽ ከይዘት ሲለይ እድሳት ውሸት ይሆናል። የስቴሽን ዋገን ይዘቱ ደግሞ ብረቱ አይደለም፤ ሰውን ከነጓዙ በደህና ማድረስ ነው። ለዚህ ሲባል የተለወጠ ዕቃ የአባትን መኪና አያፈርሰውም። የሐረርን ታክሲዎች ተመልከቱ፤ ያን ያህል ዘመን የሠሩት እየተጠገኑና ዕቃቸው እየተለወጠ ነው፤ ያም ሆኖ ሐሰተኛ ፔጆ ናቸው የሚላቸው የለም።

ይህ ማለት ታምቡር ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ሸራው አዲስ፣ ቱቦው አዲስ፣ ሾፌሩም በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ መንገዱ ይቻላል። ዋናው ነገር ከመነሣት በፊት ለተሳፋሪው እውነቱን መንገር ነው፦ «መኪናው ይኸን ይችላል፣ ይኸን አይችልም፤ ደንገጎ ላይ ቆመን እናቀዘቅዘዋለን፤ ያልፈለገ በአውቶቡስ ይሂድ።» እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው አሮጌ ነገር መውደዱ አያስነቅፈውም። የመብራቱን ቅርጽ፣ የበሩን ድምፅ፣ አባቱ ይዞት የነበረውን መሪ ይውደድ፤ ማን ይከለክለዋል?

እኛም ከአባቶቻችን የወረስነው ብዙ ነገር አለ፤ ልማድ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሕግ አለ። «ይታደስ» የሚለውም «እንዳለ ይቆይ» የሚለውም ከመካከላችን አይጠፋም። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የኋላውን ወንበር ዞር ብለን እንይ፤ ማን ተቀምጧል? ስለ ፍሬኑስ ተነግሮታል ወይ?

የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ።