ድምፅ ሲወሰድ ምን ይጎድላል?

በግ ከጋጣ ቢሰረቅ ጋጣው ባዶ ያድራል። እንጀራ ከሌማት ቢነሣ ሌማቱ ይጎድላል። ድምፅ ግን እንዲህ አይደለም። ከአንዲት ሴት ጉሮሮ የወጣውን ዜማ ሌላው በመሣሪያ ቀድቶት ቢሄድ፣ ዜማው አሁንም ከሴትየዋ ጋር ነው፤ ነገም ታዜመዋለች። ታዲያ ምኗ ተወሰደ? «ምንም» ማለት ለአፍ ይቀላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲያ ስል ኖሬአለሁ። ይህን ሐሳቤን ካናጉት ነገሮች አንዱ የአንድ ግብፃዊ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። ስሙ ሐሊም ኤል ዳብ ይባላል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።)

ሐሊም በ1921 ካይሮ ውስጥ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ሙዚቃ ሳይሆን እርሻ ነው። በ1944፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ እዚያው ካይሮ ከሚገኝ የራዲዮ ጣቢያ አንድ የድምፅ መቅጃ ተዋሰ። መቅጃው ዛሬ የምናውቀው የካሴት ቴፕ አይደለም፤ ድምፅን የሚይዘው እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነበር። ሐሊም ያንን ይዞ የሄደው ወደ ዘፋኞች ቤት ወይም ወደ ሙዚቃ አዳራሽ አልነበረም። የሄደው ዛር ወደሚለመንበት ቦታ ነው።

ዛር ስል ለአንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ቡናው ፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከበሮው እየተጎሰመ ባለዛሯ ጉሪ ስትል ያላየ ቢኖር እንኳ ሲወራ ያልሰማ የለም። ብዙ ተመራማሪዎችም የካይሮው ዛር ከእኛው አገር ተነሥቶ በሱዳን በኩል ወደ ሰሜን የወረደ ነው ይላሉ። እዚያም የሴቶች ጉዳይ ነበርና ወንድ እንደልቡ አይገባበትም። ሐሊም ራሱ እንደተረከው፣ እሱና አንድ ጓደኛው ፊታቸውን ሸፍነው ከሴቶቹ መካከል ሹልክ ብለው ገቡ። ሽቦው መዞር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ነገር ነው በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስሙን ያስጠራው። ነገሩን ለመረዳት ስለ ድምፅ ጠባይ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። አንድ ድምፅ የምንለው በእርግጥ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። የክራር ጅማት ሲመታ ከምንሰማው ዋና ድምፅ በላይ ሌሎች እጅግ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይነሣሉ። ጆሯችን ሁሉንም አንድ አድርጎ ስለሚቀበላቸው አናስተውላቸውም እንጂ፣ ክራርን ከማሲንቆ፣ የእናታችንን ድምፅ ከጎረቤታችን ድምፅ የምንለየው በአብዛኛው በእነዚህ ቅልቅል ነው። ሐሊም የቀዳውን ወደ ራዲዮ ጣቢያው መልሶ፣ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ማስተጋባቱን በሚለዋውጥ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ አሰማው፤ ደጋግሞም ቀዳው። በመሣሪያ እየታገዘ ዋናውን ወፍራም ድምፅ ቀስ በቀስ አጠፋና ቀጫጭኖቹን ብቻ አስቀረ። በመጨረሻ የሴቶቹ ድምፅ የሴቶች ድምፅ መሆኑ እንኳ አይታወቅም ነበር። የቀረው እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ የሚርገበገብ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ጩኸት ነው። ሐሊም ሥራውን ከቀራጺ ሥራ ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ቀራጺ ድንጋዩን እየጠረበ ምስሉን እንደሚያወጣ፣ እሱም ድምፁን እየጠረበ በውስጡ ያለውን ሌላ ድምፅ ማውጣቱ ነው።

ሥራው «የዛር መግለጫ» ተብሎ በዚያው በ1944 ካይሮ በአንድ የሥዕል ጋለሪ ለሕዝብ ቀረበ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ይረዝም ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀድቶና አቀነባብሮ ፓሪስ ላይ ያሰማው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው፤ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ቀዳሚነቱን ለረጅም ጊዜ ለሼፈር ሲሰጡ ኖረዋል። «አፍሪካዊው ቀደመ» ብሎ መኩራት ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ለዛሬ ጥያቄዬ ማን ቀደመ የሚለው አይረዳኝም። የሼፈር ባቡር ፊቱን ሸፍኖ የገባበት ሰው አልነበረምና።

ሐሊምን ልከላከልለት ብል ቃል አላጣም። ሥነ ጥበብ ሁሉ ከሰው ይወስዳል። ሠዓሊ የለማኙን ፊት ይወስዳል፤ ደራሲ የጎረቤቱን ጠብ ይወስዳል፤ አዝማሪ ከአድማጩ አፍ የወጣውን ግጥም ነጥቆ እንደራሱ ያወርደዋል። በእኛ ቋንቋማ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባለቅኔው ቅኔውን «ጻፈ» አይባልም፣ «ዘረፈ» እንጂ። የቅኔ ዘረፋ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ያስመሰግናል። ታዲያ የሐሊም ዘረፋ ከዚህ በምን ይለያል?

በሌላ በኩል ደግሞ ጎንደር ትመጣብኛለች። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስሥሎ ለጠፈ። ኦሪጅናሎቹ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከዚሁ ቡድን አንዱ ሚሼል ሌሪስ ነበር። እሱ ደግሞ ጎንደር ላይ ወራት የፈጀው የዛር ቤት ሲጎበኝ ነው፤ መልካም አየሁ የተባሉትን የዛር አዋቂ እየጠየቀ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። አንዱ ቡድን ከአንድ ከተማ ሁለት ነገር ወሰደ ማለት ነው። ሥዕሉ የተነሣበት ግድግዳ ይታያል፤ ሰው ጣቱን ቀስሮ «እዚህ ነበር» ሊል ይችላል። ከመልካም አየሁ ቤት የተወሰደውን ግን ማን ጣቱን ይቀስርበታል? ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የሴትየዋ ስም በሌሪስ መጻሕፍት ውስጥ አለ። እኔም ዛሬ ልጠራቸው የቻልሁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካላወጣሁ ጨዋታው እውነት አይሆንም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ዘመዳችን አርፎ ለቅሶ ተቀመጥን። እህቱ አሜሪካ ነበረች፤ መምጣት አልቻለችም። እኔም በቀብሩ ዕለት ትንሽ ቴፕ ሪከርደር ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ለቅሶውን ቀዳሁላት። ሙሾ ያወረዱት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ደረት የሚያስደቃ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ድምፅ ነበራቸው። ካሴቱ አሜሪካ ደረሰ። እዚያም ተባዛና የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ገባ፤ ሟቹን ፈጽሞ አይተውት የማያውቁ ሰዎች የአገራቸው ናፍቆት ሲነሣባቸው እያሰሙ ያለቅሱበት ጀመር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ቅጂ ይዤ እማማ ቤት ሄድሁ፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ቴፑን እንደከፈትሁት ደነገጡና፣

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፤ የርስዎን ድምፅ ላሰማዎት ብዬ ነው።»

«ሰው ባልሞተበት ቤት? ዝጋው ልጄ! ዝጋው!»

ዘጋሁት። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስወጣ በሩ ላይ «እኔ እኮ ያን ቀን ለሱ ነው ያለቀስሁት» አሉኝ።

ብዙ አሰብሁበት። ድምፄን ሰረቅኸኝ አላሉኝም። ገንዘብም አልጠየቁም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ጉዳዩ ይቀል ነበር፤ ከፍዬ እገላገላለሁ። እሳቸው ያሉኝ ሌላ ነው። ሙሾው ቀን ነበረው፤ የተላከበትም ሰው ነበረ። እኔ ቀኑንም ሟቹንም ቆርጬ ጥዬ ድምፁን ብቻ ይዤ ሄጃለሁ። ከድምፅ ባለቤት የሚወሰደው ድምፁ ሳይሆን «ለማን» የሚለው እንደሆነ ያን ቀን ጠረጠርሁ።

በዚህ ሚዛን የካይሮውን ጋለሪ ስመለከተው የበለጠ ያስጨንቃል። የዛር ዜማ የሚዜመው ለተሰበሰበው ሰው አይደለም፤ ለዛሩ ነው። ና ይባላል፣ ይለመናል፣ ምን እንደሚሻ ይጠየቃል፤ ካልመጣም ሌላ ዜማ ይሞከርለታል። በሥዕል መካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ጨዋ ሰው ፊት ሲሰማ ግን የሚጠራው ማንም የለም። ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮስ? የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው፤ ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው ከማን ነው? ከሴትየዋ ወይስ ከዛሩ? ቀልድ መስሎ ይታይ እንጂ፣ ለዚያች ሴት ቀልድ አልነበረም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል አንድ ሐሳብ መጣብኝና ብዕሬን አስቀመጥሁ። ሐሊም ቃሉን አጥፍቷል። ድምፁን አጥፍቷል። በእሱ ሥራ ውስጥ የቀረው ቀጭን ጩኸት ዛር ሊጠራበት አይችልም፤ ማንንም ዝጋው አያሰኝም። የእኔ ካሴት ግን ሙሉውን ሙሾ፣ ሙሉውን ድምፅ ይዞ የሰው ቤት እየዞረ ነበር። ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊቱን የሚሸፍን ሰውና ፎቶግራፉን በየግድግዳው የሚለጥፍ ሰው እኩል አይደሉም። ዛሬ ሐሊምን ስፈርደው ከራሴ አቅልዬ ነው የምፈርደው።

ነገር ግን ፊት ሲሸፈን ስምም አብሮ ይሸፈናል። ከዚያ ረጅም ሥራ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀንጭቦ በ2000 አሜሪካ ውስጥ በሲዲ ወጥቷል። በሲዲው ላይ የተሰጠው ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሽቦ መቅጃ ሥራ» ማለት ነው። እንግዲህ ሽቦው ስም አገኘ። ሴቶቹ ግን በርዕሱም የሉም።

ሐሊም በ1950 ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1958 ለታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ» የተባለውን ዳንስ ሙዚቃ ደረሰ። በ1959 ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብቶ «ለይላና ገጣሚው» የሚለውን ሠራ፤ እዚያም የሰው ድምፅ በመሣሪያ እየተለዋወጠ ይሰማል። በጊዛ ፒራሚዶች ፊት ለሚታየው የብርሃንና የድምፅ ትርዒት ሙዚቃውን የጻፈውም እሱ ነው።

በ1962 ደግሞ አዲስ አበባ መጣ። እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የሚገርመው እዚህ ያደረገው ነገር ነው። አገራችን የዛር አገር መሆኗን ሳያውቅ አይቀርም፤ ስሙ እዚህ የሚነሣው ግን በመቅጃ አይደለም። በ1963 ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት የሚጫወቱ ባለሙያዎችን ከየብሔረሰቡ ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። እሱ ከሄደ በኋላ ሌሎች ያዙት፤ በተለይ ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። ጌታመሳይ አበበን፣ መላኩ ገላውን፣ ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ ሰዎች አለፉበት። ስማቸውን ዛሬ መጥራት እንችላለን፤ የተጫወቱትንም «የእገሌ ነው» ማለት እንችላለን።

ይህን የካይሮው ዕዳ ክፍያ አድርጎ መጻፍ ያጓጓል። አልጽፈውም። ካይሮ የተበደረ አዲስ አበባ ቢከፍል አበዳሪው አያገኘውም። ደግሞም ኦርኬስትራውም ቢሆን ድምፅን ከቀኑ ለይቷል፤ የሠርጉንና የጠጅ ቤቱን ማሲንቆ መድረክ ላይ አውጥቶ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሕዝብ አሰምቷል። በጊዜው ይህ ቅር ያላቸው ሽማግሌዎች ነበሩ ቢባል አይገርመኝም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ በራሱ እግር መጥቷል፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው የለም፣ «ይኼንንስ እዚህ አልጫወትም» ለማለትም አፍ ነበረው።

ዛሬ መሸፈንም አያስፈልግም። በየኪሳችን መቅጃ አለ። የሰውን ድምፅ ጥቂት ሰምቶ፣ ያ ሰው ብሎት የማያውቀውን ዘፈን በዚያው ድምፅ የሚዘፍን የኮምፒውተር ፕሮግራምም መጥቷል። ሐሊም ድምፁን አስቀርቶ ሰውየዋን አጠፋ ካልን፣ ይኼኛው ደግሞ ሰውየውን አስመስሎ፣ ያልተናገረውን ያናግረዋል። የሙሾ አውራጇ ድምፅ ለማያውቁት ሟች ሊያለቅስ ይችላል ማለት ነው። «ለማን?» ቢባል መልስ የሚሰጥ የለም።

ሐሊም ኤል ዳብ በ2017 በዘጠና ስድስት ዓመቱ ኦሃዮ ውስጥ አረፈ። እማማ ከሱ በፊት ሞተዋል። በለቅሷቸው ላይ ሙሾ ያወረደችው ሌላ ሴት ናት፤ እኔም ያን ቀን ባዶ እጄን ሄድሁ። ካሴቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በላዩ ላይ የሟቹ ስምና ቀኑ ብቻ ነበር የተጻፈበት። ባለፈው ሳምንት ብዕር አንሥቼ ከሥሩ የእሳቸውን ስም ልጽፍ ስል፣ የአባታቸውን ስም እንደማላውቅ ገባኝ። ሰው ልኬ እያስጠየቅሁ ነው።